«እርምጃ አያስፈልግም፤ ለመረጃ ያህል»፦ የስለላ አለቃ በሽብር ጉዳይ የሚጠየቀው በምንድን ነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ከደብዳቤ ግርጌ የምትሰፍረውን «ግልባጭ» የምትል ቃል ያውቃታል። ደብዳቤው ለአንዱ ክፍል ይጻፋል፣ ግልባጩ ለአምስት ክፍሎች ይበተናል። ቀድሞ በሠራሁበት ቢሮ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ አለቃችን ጠርዙ ላይ «እንዲታወቅ» ብሎ ይፈርምበታል፣ ከዚያ ፋይል ውስጥ ይገባና ያበቃለታል። አምስቱም ክፍል አንብቦታል። አምስቱም ክፍል «የሚመለከተው ሌላውን ነው» ብሎ አስቀምጦታል። እኛ ጋ በዚህ የተነሣ የአንድ ጡረተኛ ጉዳይ ወራት ተጓትቷል። ነገሩ በስለላ ቤት ሲደርስ ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው።

በማርች 2000 እ.ኤ.አ. ከባንኮክ ወደ አሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ አንድ የምሥጢር መልእክት ተላከ። ናዋፍ አልሐዝሚ የተባለ፣ ከአልቃይዳ ጋር ግንኙነት አለው ተብሎ ሲከታተሉት የነበረ ሰው፣ ከሁለት ወር በፊት ጃንዋሪ 15 ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ ሎስ አንጀለስ መግባቱን ይገልጻል። መልእክቱ ላይ «እርምጃ አያስፈልግም፤ ለመረጃ ያህል» የሚል ምልክት ሰፍሮበት ነበር። በሌላ አገር ያለ የድርጅቱ ቢሮም አንብቦ፣ ከዚህ ቡድን አንዱ አሜሪካ መግባቱን ልብ ማለቱን ጽፎ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ለዓመት ተኩል ያህል ይህን ሰው ፍለጋ የወጣ አልነበረም። ስሙ በገሃድ የሳንዲያጎ ከተማ የስልክ ማውጫ ላይ ታትሞ ይገኝ ነበር።

በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አልሐዝሚ ከአራት ግብረ አበሮቹ ጋር በረራ ቁጥር 77ን ጠልፎ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሕንፃ ከሆነው ፔንታጎን ጋር አላተመው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ላይ፣ እንግዳ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ቄጠማው ከወለሉ ሳይጠረግ። በአውሮፕላኑና በሕንፃው ውስጥ 184 ሰዎች ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበር። በዚያች ዕለት በሁሉም ቦታዎች የሞቱት ሲቆጠሩ፣ ጠላፊዎቹን ሳይጨምር፣ 2,977 ደረሱ።

እንዲህ ያለ መዓት ሲወርድ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ «የስለላው አለቃ የት ነበር?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል። አንዱ «አለቃ ነውና ይውረድ፣ ይታሰር» ይላል። ሌላው «የገደለው ሽብርተኛው ነው፤ ሰውየውን ምን አድርጉት ትላላችሁ?» ይላል። ሁለቱም ነገሩን አያስረዱም። ለማስረዳት የሚመቸው በወቅቱ የሲአይኤ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት የጆርጅ ቴኔት ታሪክ ነው። አደጋውን ከብዙዎቹ ቀድመው ካዩት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ቀድሞ ያየ ሰው በምን ይጠየቃል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሰው፣ ሁለት ወንበር

ቴኔት ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ምግብ ቤት ያስተዳድሩ ከነበሩ የግሪክ ስደተኞች የተወለዱ ናቸው። በአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ ሠርተው፣ በ1997 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ተሹመው፣ በፕሬዚዳንት ቡሽም ዘመን ቀጥለው እስከ ጁላይ 2004 ለሰባት ዓመት በወንበሩ ላይ ቆዩ።

ወንበሩ ግን አንድ አልነበረም። በአንድ በኩል የሲአይኤ አለቃ ናቸው። በሌላ በኩል በሕግ የመላው የአሜሪካ የስለላ ተቋማት የበላይ ናቸው፤ ስልክ የሚጠልፈው፣ በሳተላይት ፎቶ የሚያነሣው፣ ከደርዘን የሚበልጡት ሁሉ። ችግሩ ትልልቆቹ ተቋማት በጀታቸውንም ሠራተኛቸውንም የሚያገኙት ከመከላከያ ሚኒስቴር መሆኑ ነው። ስሙ የሁሉ አለቃ፣ ካዝናው በሌላ ሰው እጅ። የአገር ውስጥ ምርመራው ደግሞ የኤፍቢአይ ነው። ኤፍቢአይ ወንጀለኛን ፍርድ ቤት የሚያቆምበት ማስረጃ ይፈልጋል፤ ሲአይኤ የመረጃ ምንጩ እንዳይጋለጥበት ይፈራል። አንዱ የሚሻው እንዲገለጥ፣ ሌላው የሚሻው እንዲሸሸግ ነውና በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ይከብዳቸዋል።

ቤቱም ቢሆን የተዳከመ ነበር። የቀዝቃዛው ጦርነት ካበቃ በኋላ በጀቱ ተቆርጦ፣ በ1995 ለውጭ አገር ስለላ ሥልጠና ጨርሰው የገቡት አዲስ ሰላዮች 25 ብቻ ነበሩ። ለመላው ዓለም 25። አለቃን ስንመዝን የተረከበውን ቤት ሁኔታ መዘንጋት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከቦሌ መንገድ እስከ ካንዳሃር

የዚህ ታሪክ አንድ ሥር አዲስ አበባ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብጹ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ ሲያመሩ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ተኩስ ከፈቱባቸው። ጥይት የማይበሳው መኪናቸው ዞሮ ወደ አየር ማረፊያው መለሳቸው፤ ተረፉ። ጥቃቱን የፈጸመው የግብጽ እስላማዊ ቡድን ነበር፤ ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን አስጠልላለች ተብላ በ1996 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማዕቀብ ጣለባት። በካርቱም ላይ የበረታው ጫና፣ ከ1991 ጀምሮ እዚያ ይኖር የነበረውን የአልቃይዳ መሪ ኦሳማ ቢንላደንን ካስወጡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በሜይ 1996 ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። ሲአይኤም በዚያው ዓመት ይህን አንድ ሰው ብቻ የሚከታተል ልዩ ክፍል አቋቋመ። ለአንድ ግለሰብ ክፍል ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ናይሮቢና ዳሬሰላም የሚገኙት የአሜሪካ ኤምባሲዎች በደቂቃዎች ልዩነት በአልቃይዳ ቦምብ ጋዩ። 224 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ አሜሪካውያን 12 ነበሩ። ቀሪዎቹ አብዛኞቹ ኬንያውያን ናቸው። ይህን ቁጥር ስጠቅስ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር አለ፦ ሌሎች ስለ ቢንላደን ሲጨቃጨቁ የመጀመሪያውን ትልቅ ዕዳ የከፈለው የጎረቤታችን ሕዝብ ነው።

ፋክስ የተላከው የጦርነት አዋጅ

በዲሴምበር 4 ቀን 1998 ቴኔት ለረዳቶቻቸው ማስታወሻ ጻፉ። «ጦርነት ላይ ነን» አሉ፤ በሲአይኤም ሆነ በሌሎቹ የስለላ ተቋማት ለዚህ ሥራ ገንዘብም ሰውም እንዳይቆጠብ አዘዙ። ይህ ከመስከረሙ ጥቃት ሦስት ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያን ጊዜ በዋሽንግተን ከነበሩት ባለሥልጣናት በዚህ ቋንቋ በጽሑፍ የተናገረ ጥቂት ነው።

ታዲያ ማስታወሻው የት ደረሰ? በኋላ ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ይህን ተከታትሎ ያገኘው ነገር የአስተዳደር ትምህርት ቤት ሊያስተምርበት የሚገባ ነው። ስልክና የሬዲዮ ግንኙነት የሚጠልፈው ተቋም ኃላፊ የማስታወሻው ቅጂ በፋክስ ደረሳቸው፤ አንብበው «ይህ ለሲአይኤ ሠራተኞች የተጻፈ ነው» አሉ። የሲአይኤ ሰዎች ደግሞ «ይህ ለሌሎቹ ተቋማት የተጻፈ ነው» ብለው አሰቡ። እያንዳንዱ ሌላውን አየ። ኮሚሽኑ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ማስታወሻው ሲአይኤንም ሆነ የቀሩትን ተቋማት በማንቀሳቀስ ረገድ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር የሚል ነው።

የአመራር ነገር የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አገራችን ውስጥ «መመሪያ ወርዷል» የሚል አነጋገር አለ። ወርዷል፤ ግን እስከየት ወረደ? መመሪያ የሰጠ አለቃ በሳምንቱ «ማን ምን ሠራበት?» ብሎ ካልጠየቀ፣ በወሩ «ከየትኛው ሥራ ስንት ሰው አንሥታችሁ ወደዚህ አዛወራችሁ?» ካላለ፣ ወረቀቱ የእርሱን ንቃት ይመሰክርለታል እንጂ አገር አይጠብቅም። የሲአይኤ ዋና ኢንስፔክተር ከዓመታት በኋላ ያገኘው ይኸንኑ ነው። ቴኔት በግላቸው ጉዳዩን በትጋት ይከታተሉ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉንም ተቋማት የሚያስተሳስር አንድ ስልታዊ ዕቅድ አልተዘጋጀም፤ ላለመዘጋጀቱም የመጨረሻው ኃላፊ እርሳቸው ናቸው።

በአንጻሩ ብዙ ሰው ቴኔትን የሚወቅስበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ በዚያ ላይ እኔ አልወቅሳቸውም። በ1998 መጨረሻና በ1999 ቢንላደንን በሚሳይል ለመምታት የታሰበባቸው አጋጣሚዎች ነበሩ። አንደኛው በአፍጋኒስታኗ ካንዳሃር ከተማ ያደረበት ቤት ነበር። ሌላው በፌብሩዋሪ 1999 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የመጡ ታላላቅ ሰዎች ለአደን የሰፈሩበት የበረሃ ካምፕ ነው፤ ቢንላደን እየመጣ ይጎበኛቸው ነበር። እዚያ ቢተኮስ የወዳጅ አገር መሳፍንት አብረው ሊሞቱ ይችላሉ። በአብዛኛው መረጃው ጠንካራ ማረጋገጫ አልነበረውም። ቴኔትም «እርግጠኛ ነህ?» ሲባሉ «ነኝ» ለማለት አልደፈሩም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሲአይኤ ራሱ ያቀረበው የተሳሳተ ዒላማ ቤልግሬድ የሚገኘውን የቻይና ኤምባሲ አስመትቶ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ያልተረጋገጠን ያልተረጋገጠ ነው ብሎ ለሹም መናገር የስለላ አለቃ ዋና ግዴታ ነው። በዚህ ነጥብ ቴኔት ግዴታቸውን ተወጥተዋል እላለሁ። የኋላ ኋላ በኢራቅ ጉዳይ ይህንኑ ጥንቃቄ ባጡ ጊዜ ምን እንደደረሰ እናያለን።

ሁለቱ ሰዎች

ወደ አልሐዝሚ እንመለስ። ጓደኛው ኻሊድ አልሚሕዳር ይባላል። በጃንዋሪ 2000 መጀመሪያ አልሚሕዳር ወደ ኩዋላ ሉምፑር ወደ አልቃይዳ ሰዎች ስብሰባ ሲጓዝ፣ በመንገዱ ዱባይ ላይ ፓስፖርቱ በምሥጢር ፎቶ ተነሣ። በውስጡ ጅዳ ላይ የተሰጠ የአሜሪካ ቪዛ ነበረበት። እንግዲህ ቢንላደንን የሚከታተለው ክፍል አንድ አጠራጣሪ ሰው አሜሪካ መግቢያ ቪዛ እንዳለው ያወቀው ጥቃቱ ከመድረሱ 20 ወር ቀድሞ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ በውሰት የሚሠሩ የኤፍቢአይ ባልደረቦች ነበሩ። አንደኛው ወዲያው ይህን ለመሥሪያ ቤቱ የሚያሳውቅ መልእክት አረቀቀ። ረቂቁ «ይቆይ» ተባለና ቆየ፤ ሳይላክም ቀረ። በዚያው ሰሞን ከክፍሉ ወደ ውጭ ቢሮዎች የወጣ ሌላ መልእክት ደግሞ የቪዛው ጉዳይ ለኤፍቢአይ ተላልፏል ብሎ ጻፈ። የሲአይኤ ዋና ኢንስፔክተር ቆጥሮ እንደደረሰበት፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2000 ባሉት ወራት ስለ ሁለቱ ሰዎች ጉዞ ከሚናገሩ ስድስት መልእክቶች አንዱን ወይም ከአንድ በላይ ያነበቡት የድርጅቱ ሰዎች ከ50 እስከ 60 ይሆናሉ። ከስድሳው አንዱም ስማቸው አሜሪካ እንዳይገቡ በሚከለከሉ ተጠርጣሪዎች መዝገብ እንዲገባ አላደረገም።

ሁለቱ ሳንዲያጎ ገብተው በእውነተኛ ስማቸው ቤት ተከራዩ፣ መኪና ገዙ። አልፎ ተርፎ ለተወሰነ ጊዜ የኖሩት የኤፍቢአይ መረጃ አቀባይ በሆነ ሰው ቤት ነው፤ ኤፍቢአይ ስማቸውን ቢያውቅ ኖሮ ጥያቄው ወዲያው በዚያ ቤት በር ላይ ይደርስ ነበር። አልሚሕዳር ከአሜሪካ ወጥቶ ሄደ፤ በጁላይ 4 ቀን 2001፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል፣ በአዲስ ቪዛ ያለ አንዳች ጠያቂ ተመልሶ ገባ። ስማቸው መዝገብ ላይ የሰፈረው ኦገስት 24 ቀን ነው። ጥቃቱ ሊደርስ 18 ቀን ሲቀረው። ኤፍቢአይም ፍለጋውን እንደ ተራ ጉዳይ ቆጥሮ ለአንድ አዲስ መርማሪ ሰጠው።

ቴኔት እነዚህን መልእክቶች አንብበዋል ያለ የለም። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር መልእክት ከሚገባበት ቤት አለቃው እያንዳንዱን እንዲያነብ መጠበቅም አይቻልም። ነገር ግን «ጦርነት ላይ ነን» በተባለበት ቤት አንድ የጠላት ሰው ደጃፍ ውስጥ መግባቱ «ለመረጃ ያህል» ተብሎ ከታለፈ፣ የአለቃው ቃል እስከ ታችኛው ዴስክ አልደረሰም ማለት ነው። ስም በመዝገብ ማስገባት የማን ሥራ እንደሆነ በግልጽ አልተደለደለም፤ ሠራተኞቹም በቂ ሥልጠና አልነበራቸውም። ሥራን መደልደልና ማሠልጠን ከአለቃ በቀር የማንም ሊሆን አይችልም።

የ2001 ክረምት

በዚያ ክረምት ማስጠንቀቂያ አላነሰም። ቴኔት ራሳቸው በኋላ ሲመሰክሩ ሥርዓቱ ሁሉ ቀይ መብራት ያበራ ነበር ብለዋል። በጁላይ 10 ከጸረ ሽብር ኃላፊያቸው ጋር ወደ ብሔራዊ ደህንነት አማካሪዋ ኮንዶሊዛ ራይስ ሄደው አስጠነቀቁ። በኦገስት 6 ለፕሬዚዳንት ቡሽ የቀረበው የዕለቱ መረጃ ርዕሱ ቢንላደን አሜሪካ ውስጥ ለመምታት መቁረጡን የሚናገር ነበር። ስለዚህ በዋይት ሀውስ የተቀመጡትም ድርሻ አላቸው፤ የስለላ አለቃ ነጋሪ እንጂ ወሳኝ አይደለምና። በሴፕቴምበር 4፣ ጥቃቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከፍተኛ ሹማምንቱ ተሰብስበው ሚሳይል የተገጠመለትን ሰው አልባ አውሮፕላን ማን ያሰማራው፣ ወጪውን ማን ይቻለው እያሉ ይነጋገሩ ነበር። ቴኔትም ሲአይኤ ተኩሶ ገዳይ ይሁን በሚለው ላይ አመንትተዋል።

አንድ ነገር ግን በቀጥታ በእርሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበረ። በኦገስት 23 በሚኒሶታ ስለተያዘው የበረራ ተማሪ ዘካሪያስ ሙሳዊ ገለጻ ተደረገላቸው፤ የገለጻው ርዕስ አንድ እስላማዊ አክራሪ አውሮፕላን ማብረር እየተማረ ነው የሚል ነበር። ቴኔት ጉዳዩ የኤፍቢአይ እንደሆነ አሰቡ፤ ከአልቃይዳ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያን ጊዜ እንዳልታያቸው ለኮሚሽኑ ተናገሩ። ለሁሉም ተቋማት የበላይ ተብሎ የተሾመ ሰው «የሌላ ቤት ጉዳይ ነው» ካለ ግን፣ ሁለተኛው ወንበር የተሠራው ለምን ነበር?

ከጥቃቱ ወዲያ የመጣው ሌላው ዕዳ

ከጥቃቱ በኋላ ቴኔትና ድርጅታቸው ፈጣን ነበሩ። የመጀመሪያው የሲአይኤ ቡድን በሴፕቴምበር 26 አፍጋኒስታን ገባ። ይሁንና «ለምን አላስቆማችሁም?» የሚለው ወቀሳ ያሳደረው ፍርሃት ወደ ሌላ ጥፋት ገፋቸው። ምሥጢራዊ እስር ቤቶች ተከፈቱ። በ2014 ይፋ የሆነው የሴኔት ሪፖርት 119 ሰዎች በዚህ መርሐ ግብር መታሰራቸውን፣ ቢያንስ 26ቱ ሊታሰሩ የማይገባቸው እንደነበሩ አሳይቷል። ኻሊድ ሼክ ሙሐመድ የተባለው የጥቃቱ ዋና ጠንሳሽ ትንፋሽ እስኪያጥረው ፊቱ ላይ ውኃ እየፈሰሰበት 183 ጊዜ ተሠቃይቷል።

አንዱን ብቻ ላንሣ። ኢብን አልሼክ አልሊቢ የተባለ እስረኛ ወደ ግብጽ ተላልፎ ተሰጠ። እዚያ ባለበት ጊዜ፣ ኢራቅ ለአልቃይዳ ሰዎች የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ ሥልጠና ሰጥታለች ብሎ ተናገረ። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በጸጥታው ምክር ቤት ስለ ኢራቅ ያንን ረጅም ንግግር ሲያደርጉ ይህ ቃል በውስጡ ነበረ። የዚያን ዕለት ምስል ያየ ሰው ከፓወል ጀርባ የተቀመጡትን ቴኔትን ያስታውሳል፤ የተናገሩት ቃል ባይኖርም መቀመጣቸው ራሱ ማኅተም ነበር። በቀጣዩ ዓመት አልሊቢ ቃሉን አጠፈ፤ የተናገረው ከሥቃይ ለመዳን እንደሆነ ገለጸ። በ1999 «እርግጠኛ አይደለሁም» ለማለት የደፈረ አለቃ፣ ጦርነት የሚያስከፍት መረጃ ሲቀርብ ከጀርባ ተቀመጠ። እኔ እንደሚገባኝ ከሴፕቴምበር 11 ይልቅ ቴኔት ሊጠየቁበት የሚገባው ይህ ነው፤ ያኛው ያልተሠራ ሥራ ነበር፣ ይህኛው በእጅ የተሠራ ነው።

ጠያቂ ያለው ተጠያቂ

በአማርኛችን «ኃላፊነት» ስንል ሥልጣኑንም ሸክሙንም በአንድ ቃል እንጠራለን። «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ማለት አንድ ሰው ብቻውን፣ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ሊለው ይችላል። «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ግን ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል፤ ጠያቂ ከሌለ ተጠያቂ አይኖርም። ጠያቂው ሰነዱን የማየት፣ ምስክር የመጥራት፣ ያየውንም ለሕዝብ የመንገር መብት ሊኖረው ይገባል።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ጠያቂ በቀላሉ አልተገኘም። ዋይት ሀውስ መጀመሪያ ነጻ ኮሚሽን እንዲቋቋም አልፈለገም። የሟቾች ቤተሰቦች፣ በተለይም ባሎቻቸውን ያጡ የኒው ጀርሲ ሴቶች፣ የምክር ቤቱን ደጅ እየጠኑ ገፉበት። በኖቬምበር 2002 ኮሚሽኑ ተቋቋመ፤ አምስት ከአንዱ ፓርቲ፣ አምስት ከሌላው። ከ1,200 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ፣ ከ2.5 ሚሊዮን ገጽ በላይ ሰነድ አገላብጦ በጁላይ 2004 ሪፖርቱን አወጣ። ቴኔትም በአደባባይ መሐላ ፈጽመው ተጠየቁ፤ አሜሪካ የሚያስፈልጋትን የስለላ አቅም ለመገንባት ገና አምስት ዓመት ይፈጃል ብለው መለሱ። ኮሚሽኑ ግለሰብን መቅጣት ሥራዬ ብሎ አልተነሣም። ያመጣው ለውጥ የመዋቅር ነው፦ በዲሴምበር 2004 በወጣው ሕግ ሁለቱ ወንበሮች ተለያዩ፤ ለስለላ ተቋማት ሁሉ የበላይ የሚሆን ሌላ ዳይሬክተር እንዲሾም ተደነገገ።

ቴኔት ሪፖርቱ ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት በፊት ከሥልጣን ወጡ። በዲሴምበር 14 ቀን 2004 ፕሬዚዳንት ቡሽ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳይ አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው። በ2005 የሲአይኤ ዋና ኢንስፔክተር ምርመራውን ጨርሶ ቴኔትን ጨምሮ የተወሰኑ ኃላፊዎች ጉዳይ በተጠያቂነት ቦርድ እንዲታይ ሐሳብ አቀረበ። ያው ሪፖርት ጥቃቱን ሊያስቆም የሚችል አንድ ብቸኛ ስሕተት አላገኘሁም ብሏል፤ ይህን መጥቀስ ፍትሕ ነው። ቴኔትም ግኝቱ ስሕተት ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። ተተኪያቸው ፖርተር ጎስ ቦርዱን አላቋቁምም አሉ። ምክንያታቸው፣ የተጠቀሱት ሰዎች ከምርጦቻችን መካከል ናቸው፣ ብንቀጣቸው ሌላው ሠራተኛ አደጋ ያለበትን ሥራ ይሸሻል የሚል ነበር። የምርመራው አጭር መግለጫ እንኳ ለሕዝብ የወጣው ምክር ቤቱ በሕግ አስገድዶ በኦገስት 2007 ነው።

የጎስ ስጋት እውነት አለበት። ሠራተኛ በተሳሳተ ቁጥር የሚቀጣ ከሆነ ምንም ላለመሥራት ይመርጣል። ዳሩ ግን ቦርድ ማለት ቅጣት ማለት አይደለም። ነጻ የሚወጣውም እዚያው ነው። ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ጥፋተኛም ሳይባል፣ ንጹሕም ሳይባል ስሙ በጥርጣሬ ይኖራል።

እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ክርክር ከኦክቶበር 7 ቀን 2023ቱ የሐማስ ጥቃት ወዲህ በቤታቸው ይሰሙታል። ቀድሞ በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ሲገደሉ የአገር ውስጥ ደህንነቱ የሺን ቤት አለቃ ካርሚ ጊሎን ብዙም ሳይቆዩ ወንበራቸውን ለቀዋል። ወደ 1,200 ሰዎች ከተገደሉበት ከኦክቶበር 7 በኋላ ደግሞ የወታደራዊ ስለላ ኃላፊው አሐሮን ሐሊቫ በኤፕሪል 2024 መልቀቂያ አስገቡ። የሺን ቤቱ ሮነን ባርም ድክመቱ የእኔ ነው ብለው በጽሑፍ ተናገሩ። መንግሥት በማርች 2025 እምነት አጥቼባቸዋለሁ ብሎ ሲያሰናብታቸው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ መሥሪያ ቤታቸው የጠቅላይ ሚኒስትሩን የቅርብ ሰዎች እየመረመረ ነበርና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስንብቱን አገደ፤ በኋላም አግባብ አልነበረም አለ። ባር በጁን በራሳቸው ለቀቁ። ጠያቂው ራሱ የሚጠየቅበት ነገር ካለው፣ የተጠያቂነት ስም ይዞ የሚመጣው ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ይህ ጉዳይ በደንብ ያሳያል።

ያ በጃንዋሪ 2000 የተረቀቀውና «ይቆይ» የተባለው መልእክት ግን በፋይሉ ውስጥ ተገኘ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ያረቀቀውንም፣ አቆዪው ያሉትንም፣ በክፍሉ የነበሩትንም አንድ በአንድ ጠርቶ ለምን እንዳልተላከ ጠየቃቸው። ሁሉም አላስታውስም አሉ።